ላስቲኩ ያልተነሣለት መቀመጫ

ግቢ እህቴ፣ ግቢ። ጫማሽን አታውልቂ፣ ወለሉ ገና አልተወለወለም። አዲሷ ነርስ አንቺ ነሽ አይደል? የድሮዋ ወለደች አሉኝ፤ እግዜር ያሳድግላት። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጊው፣ እዚያ ነፋስ አለ። መስኮቱን ወለል አድርጌ የከፈትኩት ለሙቀቱ ነው… ሌላ ምክንያት የለኝም። የመኝታ ቤቱን በር ግን ዘግቼዋለሁ፤ አባዬ ልብስ እየቀየረ ነው።

ትንሽ ትጠብቂዋለሽ። የግፊት መለኪያሽን እዚያው ጠረጴዛው ላይ አኑሪው። አባዬ ዛሬ ቸኩሏል፣ ግን ቁልፍ የሚቆልፈው በዝግታ ነው፣ እርዳታ ደግሞ አይወድም። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ከነተሳቢው የነዳ ሰው፣ የጃኬቴን ቁልፍ ሰው አይቆልፍልኝም ይላል። ምን ታደርጊዋለሽ።

ስትገቢ ግቢው ውስጥ የቆመችውን ሞተር ሳይክል አየሻት? አለማየትማ አይቻልም፣ ግማሹን ግቢ ይዛዋለች። የልብስ ማጠቢያ ገንዳዬን ያነሣሁት ለእሷ ነው። አጠገቧ ተንበርክኮ የሚጠርጋት ወንድሜ ነው፣ ታናሼ። ሰላም አላለሽም? አትቀየሚው፣ ሥራ ይዞ ነው። ከመጣ እኮ ገና አንድ ሰዓቱ ነው። ከመንገድ የመጣ ሰው መጀመሪያ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ቤት ይገባል፣ ሰው ይስማል… እሱ ግን ንጹሕ ሰው ነው። የፊት መስታወቷ ላይ የተለጠፉት ትንኞች ሳይነሡ ቤት መግባት አይሆንለትም።

ለስላሳ ጨርቅ አምጪልኝ አለኝ። ሻካራ ከሆነ ይጭራታል አለ። ቤቱን ሁሉ ዞሬ ለስላሳ ነገር አጣሁና የአባዬን አሮጌ ካናቴራ ሰጠሁት። ሰጥቼም ደስ አለኝ። አባዬ ባይደርስባት እንኳ ካናቴራው ደረሰባት።

ሲገዛት አላማከረንም እንዳትዪ። በስልክ ነው እንጂ አማክሮናል። ደግሞ የገዛት ለራሱ መስሎሻል? ለአባዬ እኮ ነው። የረጅም መንገድ ሞተር ናት፣ በየወሩ እየመጣሁ አየዋለሁ አለ። የኋላው መቀመጫ መደገፊያ አለው፣ ለእጅም ማሳረፊያ አለው። "ይሄንን ስመርጥ አባዬን አስቤ ነው፣ ወገቡን እንዳያመው" አለኝ። ወገቡ እንግዲህ ያ እኔ በየጠዋቱ የማሸው ወገብ ነው። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ለአባቱ ወገብ የሚጨነቅ ልጅ ስንት ቤት አለ? እስቲ ንገሪኝ፣ አንቺ ብዙ ቤት ትገቢያለሽ።

ከዚያማ ከሞተሯ ጋር መተዋወቅ ጀመረ። ሰው እንዲህ ተዋውቆ ቢጋባ ፍቺ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። አብሯት የመጣውን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ አነበበው። እሑድ እሑድ ይደውላል፣ አንድም እሑድ አላሳለፈም። መሪዋ እጅ ያሞቃል… የጎን ሳጥኖቿ ዝናብ አያስገቡም… የጎማዋ ነፋስ ጭነት ሲኖርና ሳይኖር ይለያያል… አባዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ "እህ፣ እህ" ይላል። ፎቶም ላከለት፤ አባዬ ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አያት። አንድ ቀን ደግሞ ስልኩን ጭስ ማውጫዋ ጋ ይዞ ድምጿን አሰማው። አባዬ ሰምቶ ሰምቶ፣ "ቶሎ ቶሎ ማርሽ አትጨምርባት፣ ታፍናታለህ" አለው። ወንድሜ ግን መጽሐፉ ላይ እንደዚያ አይልም አለ። መጽሐፍ የሚያከብር ሰው ነው።

"አንተስ እንዴት ነህ?" ይለዋል ደግሞ፣ ስልኩን ሊዘጋ ሲል። ረስቶ አያውቅም። መልሱን የማይሰማው መስመሩ መጥፎ ስለሆነ ነው።

መቼ ትመጣለህ ሲባል ሮዳጅ ላይ ናት ይላል። ሮዳጅ ታውቂያለሽ? እኔም አላውቅም ነበር። አዲስ ሞተር የመጀመሪያውን ሺህ ኪሎ ሜትር በእርጋታ ነው አሉ የሚነዳው፤ ረጅም መንገድ አይወጣም፣ ከኋላ ሰው አይጫንም። ይኸው ቃሉን ጠበቀ። ሺውን ኪሎ ሜትር እዚያው ሰፈሩን እየዞረ ሞላላት። ከእሱ ቤት እኛ ቤት ሦስት መቶ ነው ብዬሻለሁ… እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ሒሳቡን አልሞከርኩትም። አንቺ የተማርሽ ነሽ።

ይህንን ሁሉ የምነግርሽ አዲስ ስለሆንሽ ነው። በሽተኛሽን ማወቅ አለብሽ። ከአምስት ወር በፊት የዓይን ሐኪሙ፣ እኔው ፊት፣ "አባባ፣ የቀረው ጥቂት ነው፤ ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ አሁን ይዩት" አለው። እኔ የተወለደበትን አገር ይላል፣ የእናታችንን መቃብር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። "ልጄ ያቺን ነገር እየነዳ በበሩ ሲገባ" አለ። ያኔውኑ ደወልኩለት። ዓይኑ እየደከመ ነው፣ ና አልኩት። "የመጀመሪያው ሰርቪስ ይለፍና" አለኝ። ልክ ነው እኮ። ሰርቪስ በጊዜው ካልተደረገ ሞተር ይበላሻል። ዓይን እንደሆነ… ሰው ሁለት አለው።

አባዬ አንቺ አሁን የተቀመጥሽበት ቦታ ላይ ሆኖ ጠበቀው። ሞተር ባለፈ ቁጥር "መጣ" ይላል። ዳቦ አመላላሹ ነው እለዋለሁ። "መጣ" ይላል። መድኃኒት ቤቱ የላከው ነው እለዋለሁ። በኋላ እንደዚያ ማለቱን ተወ፤ የሰፈሩን ሞተር ሁሉ በድምፁ ለየና። ከስድስት ሳምንት በፊት አንድ ጠዋት፣ "መጋረጃውን ክፈቺው እንጂ፣ ነግቷል" አለኝ። መጋረጃው ተከፍቶ ነበር እህቴ። ምን ልበለው? ሄጄ ዘጋሁትና መልሼ ከፈትኩት፣ ድምፁን እንዲሰማ ብዬ። እሱም እጁን ዘርግቶ መስታወቱን ዳሰሰ፤ ፀሐይ አሙቆት ነበር።

ማታ ላይ እጄን ይዞ አስማለኝ። "ለወንድምሽ እንዳትነግሪው። መሪ ለያዘ ሰው ሐሳብ ጥሩ አይደለም" አለኝ። ማልኩለት። ይኸው እስከዛሬ ለወንድሜ ትንፍሽ አላልኩም፣ መሐላዬን አላፈረስኩም። አሁን የምነግረው ለማን ነው? ለአንቺ ነው። ነርስ ነሽ፣ ማወቅ አለብሽ… ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ይቅርታ፣ ልማዴ ነው።

ዛሬ እንግዲህ መጣልን። ግቢው መሐል አቆማትና ክላክሱን ሁለት ጊዜ ነፍቶ፣ "አባዬ፣ በመስኮት እያት፣ እንዴት ናት?" አለ። አባዬ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ፣ ፈገግ አለ፣ "ታምራለች ልጄ። ቀለሟ ያምራል" አለው። ወንድሜ ልቡ ቅቤ ጠጣ። "ፎቶው ላይ ጥቁር ትመስላለች እንጂ ሰማያዊ እኮ ናት፣ አየህ አይደል?" አለው። "አየሁ" አለ አባዬ…

ምነው ውጪው ጭር አለ? የካናቴራው ድምፅ ቆመ። ጨርሶ ይሆናል። ተዪ፣ ዞረሽ አትመልከቺ። ደክሞትም ሊሆን ይችላል፣ ረጅም መንገድ ነው የመጣው።

አባዬ ውስጥ ምን እየለበሰ መሰለሽ? የሹፌርነቱን የቆዳ ጃኬት ነው። ከኋላዋ ሊቀመጥ። ለኔ ብሎ የገዛው ነው፣ መደገፊያ አለው ይላል፣ ጢሙን ሳይቀር ተላጭቷል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የኋላውን መቀመጫ አየሽው ስትገቢ? ላስቲኩ አልተነሣም። ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ጥግ ጥጉ እንኳ አልተላጠ። ጥንቃቄው እጅ በአፍ ያስጭናል። ለአባቱ የገዛውን መቀመጫ፣ አባቱም እንዳይነካው አድርጎ ነው ያቆየለት። አባዬ አሁን የሚያየው በእጁ ነው። መሪዋን ይዳብሳል፣ ሳጥኗን ይዳብሳል፣ ከዚያ መቀመጫው ላይ ይደርሳል… ላስቲክ ደግሞ በእጅ ይታወቃል። ይሄ ምንድን ነው ቢለኝ ምን እለዋለሁ? እንዳይቆሽሽብህ ብሎ ነው እለዋለሁ። ለማንኛውም እጁን በሳሙና አስታጥቤዋለሁ፣ አሻራ እንዳይተውባት።

በሩ ተንቋቋ፣ እየመጣ ነው። ግፊቱን ስትለኪ ይህንን ነገር እንዳታነሺ፣ አደራ። እኔ ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም። ታናሼ ነው፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት። ሳልመርቀው እንዳይሄድ ብቻ ነው የምፈልገው። ሁለት ልጆች አሉት፣ ይደጉለት። አድገውም እሱ ያቺን መቀመጫ እንደያዘ እሱን ይያዙት፤ አቧራ ሳያስነኩ፣ እጅ ሳያሳርፉበት፣ "የአባታችን ነገርማ" እያሉ። ዓይኑን ደግሞ እስከ ሽምግልናው ድረስ አጥርቶ ያቆይለት፤ መስኮት ላይ ቁጭ ብሎ በሩን ሲጠብቅ፣ የሚያልፈውን ሞተር ሁሉ አንድ በአንድ እንዲያይ። አሜን በዪ እንጂ እህቴ።