ሥዕሉን የለዩት መምህር ሚልክያስ አንጁሎ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከሶዶና ከቦዲቲ በዚህ ሐሩር እስከ ተበላ ከተማ ድረስ መጥታችሁ ከጎናችን ስለቆማችሁ እግዚአብሔር ያክብርልን። የወንድማችንን የመምህር ሚልክያስን ሕይወት እንዳነብ ቤተሰቡ የአደራውን ቃል የሰጠው ለእኔ፣ ለእህታቸው ባለቤት ለጦና ነው።

መምህር ሚልክያስ ከአባታቸው ከአቶ አንጁሎ ኤርሳዶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርሃኔ በ1956 ዓ.ም. በሁምቦ ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በተበላ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በሶዶ አጠናቀው፣ በአዲስ አበባ ታሪክ ካጠኑ በኋላ፣ መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ባገኙት ዕድል ውጭ አገር ሄደው በሥነ ጥበብ ታሪክ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የነበሩት አባታቸው፣ ልጃቸው በየደብሩ እየዞሩ የቅዱሳን ሥዕል ማጥናታቸው አልዋጥ ብሏቸው፣ «ልጄ፣ ለሥዕል መስገድ ጀመርክ እንዴ?» ቢሏቸው፣ «አልሰግድም አባባ፤ ማን እንደሣለው ነው የምጠይቀው» ሲሉ መለሱ። በእኛ ጸሎት ቤት በጥርጣሬ የሚታዩ፣ በደብሩም ቅጥር እንግዳ የሆኑ ሰው ሆነው ኖሩ።

በሶዶ ማስተማር እንደጀመሩ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛቸው የነበሩትን የነጋዴውን የአቶ ክብረት ወልደመስቀልን እህት ወይዘሪት ሳህሊቱን አጩ፤ ከብዙ ልመና በኋላም ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው የሠርጉ ቀን ተቆርጦ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ግን አቶ ክብረት በጆንያ የተጠቀለለ፣ በእንጨት ላይ የተሣለ የማርያም ሥዕል አምጥተው፣ «ዕድሜውን ብቻ ንገረኝ፤ ገዥ አለው» አሏቸው። ሥዕሉ ከአንድ የገጠር ደብር የተሰረቀ ነበርና፣ ቀድሞ ያጠኑት መምህር ሚልክያስ በተሰነጠቀው ጠርዙና በሠዓሊው አሣሣል ወዲያው ለዩት። እንዲመልሱ ለመኗቸው፤ አቶ ክብረት እምቢ አሉ። በመጨረሻ መምህር ሚልክያስ ለፖሊስ አመለከቱ፣ ፍርድ ቤትም ቆመው መሰከሩ። ሥዕሉ በእልልታ ወደ ደብሩ ሲመለስ፣ ጓደኛቸው ወህኒ ወረዱ።

ወይዘሪት ሳህሊቱ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጠብቀው፣ «ዋሸህ አልልም ሚልክያስ፤ ግን እናቴ ስንቅ ይዛ እስር ቤት ስትመላለስ፣ እኔ ላንተ ቬሎ አለብስም» ብለው የቃል ኪዳኑን ቀለበት በእጃቸው አኖሩ።

ከዚያ ወዲያ ትዳር አልያዙም። ከሥራ ሲመለሱ በራቸውን ዘግተው የወንጀል ልቦለድ መጻፍ ያዙ፤ አራት መጻሕፍትም አሳተሙ። እናታቸው አንዱን አስነብበው ሰምተው፣ «ይህን ሁሉ ሰው ስትገድል እንቅልፍ ይወስድሃል?» ብለው ሲቆጧቸው፣ ስቀው ወደ ጽሕፈታቸው ተመለሱ። እኔ እንዳነበብኳቸው ከሆነ ግን፣ እርሳቸው አስረዝመው የሚጽፉት ስለ ግድያው ሳይሆን፣ ወንጀለኛው ተይዞ ከሄደ በኋላ በእናቱና በእህቱ ቤት ስለሚወድቀው ዝምታ ነበር።

ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ በዓል ወደ እኛ ቤት ይመጡ፣ ልጆቹን ይስሙ፣ ከዚያም ገና ሥጋው ተቆርጦ ሳያልቅ ሚኒባስ ያመልጠኛል ብለው ይነሡ ነበር። እኛም መሄድ ልማዳቸው ነው እያልን፣ ማንም እጃቸውን ይዞ እደሩ አላላቸውም።

አምና የጉበት ሕመም ጸንቶባቸው ወደ እኛ መጡ። እህታቸው ትርፌ፣ «ሳህሊቱን ላስጠራት?» ብትላቸው፣ «ተይ፤ አሁን የራሷ ቤት አላት» አሉ። ባለቤቴም ከዚያ በኋላ አላነሣችባቸውም። በሕክምናም በጸሎትም ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት ኅዳር 12 ቀን 2006 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው አረፉ።

መምህር ሚልክያስ ሚስትና ልጅ አልተዉም። እናታቸውን፣ እህታቸውን፣ የእህታቸውን ልጆችና ያስተማሯቸውን ብዙ ተማሪዎች ትተው አልፈዋል። በምድር ማዕድ ብቻቸውን የተቀመጡትን ወንድማችንን፣ ጌታ በመንግሥቱ ከብዙዎች መካከል ያስቀምጥልን፤ ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ እናታቸውንም ያጽናልን። አሜን።