ከሰርዶ ማዶ የተደወለው ስልክ

የምስክር ስም፦ ወንጌላዊት ተክለ ማርያም
ዕድሜ፦ 31
ሥራ፦ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ሰመራ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኔ 5 ቀን 2009 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ የትራፊክ አደጋ

ሰኔ 1 ቀን ረፋዱ ላይ የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ጀማሉዲን ረዲ በሚያሽከረክረው ፒክአፕ ከሰመራ ወደ ዲቾቶ ለሥራ ስንሄድ ነበር። ከሁለታችን በቀር በመኪናው ውስጥ ሰው አልነበረም። ሰርዶን አልፈን ጥቂት እንደተጓዝን፣ ከጅቡቲ አቅጣጫ የሚመጣ ሰማያዊ ሸራ የለበሰ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ኩርባው ላይ የእኛን መስመር ይዞ መጣብን። ጀማሉዲን ግጭቱን ለማምለጥ መሪውን ወደ ቀኝ ሲጠመዝዝ መንገድ ስተን ተገለበጥን።

እኔ በመስኮት ወጣሁ። የጭነት መኪናው ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ ወደ እኛ ተመለከተ፤ እጄን አውለበለብኩለት። በሩን ዘግቶ ሄደ። የተሳቢውን ታርጋ ያነበብኩት ያኔ ነው። ሹፌሩ አደጋ መድረሱን አላወቅሁም ማለቱን ከመርማሪው ሰምቻለሁ፤ አይቶናል።

የጀማሉዲን ግራ እግር በዳሽቦርዱ ተይዞ ብዙ ደም ይፈሰው ስለነበር ጭኑን በነጠላዬ አሰርኩት። የእኔ ስልክ ተሰብሮ ስለነበር የእሱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

ለፖሊስ የተደወለው የመጀመሪያ ጥሪ ያለ ንግግር ለምን እንደተዘጋ መርማሪው ጠይቀውኛል። እኔ ስልክ መደወልም ማንሳትም እፈራለሁ። የወንድሜን ሞት ቢሮ ተቀምጬ በስልክ ከሰማሁ ወዲህ ስልክ ሲጠራ ጠርቶ እስኪያቆም እተወዋለሁ። ከሰው ጋር የምገናኘው በጽሑፍ መልእክት ነው። መደወል ግድ ሲሆንብኝ የምናገረውን አስቀድሜ ጽፌ አነበዋለሁ። ጀማሉዲን ይህን ስለሚያውቅ በሥራ ጉዳይ ብዙ ጊዜ እሱ ይደውልልኝ ነበር። ያን ዕለት ፖሊሱ አንስቶ ሃሎ ሲል ድምፅ አልወጣልኝም፤ ዘጋሁት። እርዳታ ለማዘግየት ብዬ አይደለም።

ጀማሉዲን አልተቆጣኝም። «ወንጌል፣ ያለንበትን ብቻ ንገሪያቸው፤ ሌላውን እነሱ ይጠይቁሻል» አለኝ። እስክሪብቶ ነበረኝ። ሰርዶ፣ ሰው ተጎድቷል፣ አምቡላንስ ብዬ ክንዴ ላይ ጻፍኩ፤ የታርጋውንም ቁጥር ጨመርኩ። ደግሜ ደውዬ ከክንዴ ላይ አነበብኩላቸው። መልሰው እንደሚደውሉ ነግረውኝ ዘጉ።

ወዲያው ስልኩ ጠራ። የደወለው ግን ፖሊስ አልነበረም፤ አዋሽ የምትኖረው የጀማሉዲን ባለቤት ሙጂባ ነበረች። ማንሳት አልቻልኩም። ጠርቶ ቆመ፤ እንደገና ጠራ። ጀማሉዲን ዓይኑ እየተከደነ «አንሺላት፤ እንዳትዋሺያት» አለኝ። አነሳሁት።

«ይሄ የባሌ ስልክ ነው። ማን ነሽ?» አለችኝ።

«ወንጌላዊት ነኝ፣ የሥራ ባልደረባው። ጀማሉዲን በሕይወት አለ። መኪናው ተገልብጦ እግሩ ተይዟል» አልኳት።

ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደርግላት ጠየቀችኝ። ዱዓ ስታደርግለት እሱ ቀስ ብሎ አሚን ይል ነበር። በመካከሉ መመለሱን ተወ። ስሙን ደጋግማ ስትጠራው ስልኩን ወደ ራሴ አዞርኩት። ራሱን ስቷል፤ እጄን አፍንጫው ሥር ሳደርግ ግን ትንፋሹ ይሰማኛል። «ይተነፍሳል» አልኳት። እንዳልዘጋባት ለመነችኝ። እሷ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ትንፋሹን አይቼ ይተነፍሳል እላታለሁ። አምቡላንሱ እስኪደርስ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። ፖሊስ መልሶ ሲደውል መስመሩ የተያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ጀማሉዲን አሁን ሆስፒታል ይገኛል። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል፤ ይናገራል። የጭነት መኪናው በነገርኩት ታርጋ ሰመራ መግቢያ ኬላ ላይ መያዙን ሰምቻለሁ። ሹፌሩን ባየው እለየዋለሁ።

ፍርድ ቤት ቀርቤ ይህንኑ ለመመስከር ፈቃደኛ ነኝ። ስፈለግ ጥሪው በመጥሪያ ወረቀት ቢደርሰኝ እመርጣለሁ። በስልክ ከሆነም አነሳለሁ።

ከላይ የሰፈረው ቃል ተነቦልኝ፣ የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ እውነቱን መናገሬን በፊርማዬ አጸናለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ወንጌላዊት ተክለ ማርያም
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ምክትል ሳጅን ውብሸት ፍቅረ ሥላሴ
ፊርማ፦ ————