ሳይጠራ የሚቀር የለም

ጎማው ባይፈነዳ ኖሮ እነዚህን ሰዎች አላውቃቸውም ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ ስንሄድ ሚኒባሷ ግማሽ መንገድ ላይ ተንፍሳ ቆመች፤ ሾፌሩም ትርፍ ጎማ እንደሌለው የነገረን ሁላችንም ከወረድን በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ፈውዚያ ሐምዱ እባላለሁ፤ የጉንደ ወይን ከተማ ነጋዴ ልጅ፣ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ሮብ ገበያ የምሄደው ፈተና ለመቆጣጠር ነበር። ፈተናው የሚሰጠው በማግስቱ ቢሆንም ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በእግሬ ጉዞ ጀመርኩ።

ከተሳፋሪዎቹ የተከተሉኝ ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ጥምጥማቸው አንዲት መስመር ያልተዛነፈ፣ ሰባ ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ሌላዋ ቀጭን ረጅም ልጃገረድ ናት። እጇ የነጠላዋን ጫፍ አይለቅም። ጫፉ ላይ ሁለት ጥቁር ክሮች ተሰፍተዋል፤ እነሱን እየደጋገመች በጣቷ ትነካካለች።

«እንደምን አደሩ አባቴ? ወዴት ናችሁ?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ወደ ጠራ አምባ ነን። እኔ አለቃ አምደሚካኤል እባላለሁ፤ እሷ የልጄ ልጅ ዘመናይ ናት።»

ጠራ አምባ። ስለዚያች መንደር የሚወራውን እኔ ወሬ ነው ብዬ ንቄው ነበር። እዚያ የሚሳሳት ሰው ልብሱ ላይ ጥቁር ክር ይሰፋበታል አሉ። በሠርጓ ቀን እንስራ የሰበረች ሙሽራ አንድ ክር፤ ቅዳሴ መሐል ያሳለው ዲያቆን አንድ ክር። ክሩ ሦስት የሞላበት ሰው «ግርድ» ይባላል፤ ግርድ ማለት ከሰፌድ ላይ ተለቅሞ የሚጣል የእህል ቆሻሻ ነው። እንደ ቆሻሻውም ከቤቱ ወጥቶ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ አይመለስም። ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ልጆች ደግሞ በየዓመቱ በጥራት ቀን፣ መንደሩ በር ላይ ካለው ድንጋይ የመሥራቹን ቃል በሽማግሌዎች ፊት ያነባሉ። የተሳሳተ ክር ይጨመርለታል። ይኸው ክሩን በዓይኔ አየሁት።

«ማርቆስ ምን አደረሳችሁ?» አልኩ።

«ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር። ምላሷ ይያዛል። ሐኪሙ በሽታ አይደለም፣ ጊዜ ስጧት አለኝ። ጊዜ ከየት አመጣለሁ? የጥራት ቀን ዛሬ ከሰዓት ነው።»

ወደ ልጅቱ ዞርኩ። «ሁለቱ ክሮችስ በምን መጡ?»

«አ-አንዱ ሽማግሌዎችን ሰላም ስል። ሌላው ስሜን ሲ-ሲጠይቁኝ።»

«ስምሽን?»

«ዘ-ዘ-ዘመናይ አልኳቸው» አለችና መሬት መሬት አየች።

እኔ ስናደድ እርምጃዬ ይፈጥናል። አለቃ ግን በዕድሜያቸው አልተበገሩም፣ እኩል ይሄዳሉ። የእኛ ሰው ንዴቱን ለሽማግሌ በትሕትና ነው የሚያቀርበው፤ እኔም እንደ ምንም ድምፄን አለሳልሼ ጠየቅኳቸው።

«አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ፍርድ ይመስልዎታል?»

«እንዴታ ልጄ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ብለዋል አባቶች። ከሕጉ በፊት መንደራችን የሰካራምና የሙግተኛ ነበረች። ዛሬ ሌባ የለ፣ የተጣመመ አጥር የለ፣ የሚጮህ ሰው የለ።»

«የሚዘፍንስ አለ?»

ያልተዛነፈውን ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«ልጆች ይጫወታሉ?»

«ጨዋታ ስህተት ያበዛል» አሉ።

«ስንት ቤት ናችሁ?»

«ዘጠና ነበርን። አሁን አርባ ብንሆን ነው።»

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች» አልኩ። ምላሴ አያርፍም፤ እናቴ መርየምም ዘወትር የምትወቅሰኝ በዚሁ ነበር።

«አ-አባቴም ወርዷል» አለች ዘመናይ።

አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አምሳሉ ልጄ ነው። የእናቱን ተዝካር ስናወጣ ድንኳን ተከለ፤ ካስማው ተነቀለና ድንኳኑ ካህናቱ ላይ ወደቀ። ሦስተኛ ክሩ ነበር። በመርፌ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሕግ በልጄ ላይ ካልሠራ በማን ላይ ይሠራል?»

«ዛሬስ በዘመናይ ላይ ይሰፋሉ?»

«ከተሳሳተች እሰፋለሁ» አሉ። ድምፃቸው ግን እንደ ቃላቸው አልጸናም።

ልጅቱ ይህን ሰምታ አላለቀሰችም። ሳታለቅስ መቅረቷ የበለጠ አንገበገበኝ። በዐሥራ ስምንት ዓመቷ ስሟን ለመጥራት የምትፈራ ልጅ የት አገር ታድጋለች? በረሃ ወርዳስ ማን ያናግራታል? ሌላ መንገድ ሞከርኩ።

«አለቃ፣ ቅኔ የት ቆጠሩ?»

ፊታቸው በራ። ሰባት ዓመት ቅኔ ቤት እንደኖሩ፣ ቁራሽ እየለመኑ እንደተማሩ ነገሩኝ።

«የመጀመሪያዋን ጉባኤ ቃና የኔታ ተቀበሉዎት?»

ሁለት ስንኝ ያላት የጀማሪ ቅኔ ናት። አለቃ እንደ ልጅ ሳቁ። «የት ተቀበሉኝ። ቤት አልመታልኝ፣ ምሥጢር አልመጣልኝ። ክረምቱን ሙሉ ስህተት ስነግራቸው ከረምኩ።»

«ታዲያ ስንት ክር ሰፉብዎት?»

«ምን በወጣኝ? የኔታ አርመው፣ ነገም ቆጥረህ ና ነው የሚሉት።»

ይህን እንዳሉ ሳቃቸው ቆመ።

«ቅኔ ቤት ሌላ ነው፣ መንደር ሌላ ነው» አሉ። «ደግሞም የመሥራቻችን ቃል በድንጋይ ተጽፏል። እሱን የምሽር ማን ነኝ? ሳይጠራ የሚቀር የለም ይላል። ከእድፉ፣ ከጉድለቱ ሳይጠራ የሚኖር ሰው አይኖርም ማለት ነው።»

የአማርኛ መምህርት ነኝ ባይዋ፣ ተማሪን በፊደል የማስጨንቀው እኔ፣ ያን ዓረፍተ ነገር ሰምቼ አልነቃሁም።

ፈተናው ነገ ነው ብዬ እኔም አብሬያቸው ታጠፍኩ። ጠራ አምባ ስንደርስ ሰዉ በሩ ላይ ተሰብስቦ ነበር። መንደሪቱ በእውነት ታምራለች፤ ግን ሰው ሁሉ የልብሱን ጫፍ ይዳስሳል። አንዱ ሌላውን አያየውም፣ ልብሱን ነው የሚያየው። ገና ሳልቀመጥ እኔም የነጠላዬን ጫፍ መፈተሽ ጀመርኩ። ሦስት ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አለቃ መሐል ገብተው ጥቁር ክር በመርፌ ሰኩ። ክሩ በመርፌው ቀዳዳ የገባላቸው በሦስተኛው ሙከራ ነው።

ዘመናይ ድንጋዩ ፊት ቆመች።

«ሳ-ሳይጠ…» አለችና ጠ ላይ ተያዘች። ምላሷ ከጥርሷ ሥር ተጣብቆ ቀረ። ገፋችው፣ ገፋችውና በአንዴ ሲለቃት ጠን አጥብቃ፣ ራንም አጥብቃ፦ «ሳይጠራ የሚቀር የለም» አለች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ውበቱ የሚባሉት፣ «ተሳስታለች። ላልቶ የሚነበበውን አጠበቀችው። ይሰፋ» አሉ።

አለቃ መርፌውን እንደያዙ ወደ ዘመናይ ዞሩ።

«ደግመሽ በዪው ልጄ።»

ደገመችው። አሁንም ጠ ላይ ተያዘች፤ አሁንም አጥብቃ ለቀቀችው።

«ኅብረ ቃል» አሉ አለቃ ለራሳቸው። ከዚያ ብድግ አሉ። «ወገኖቼ፣ መሥራቻችን የቅኔ መምህር ነበሩ። አንድ ቃል ጽፈው ሁለት ነገር ይናገራሉ። እኛ ላልቶ አነበብነው፤ ከእድፍ ሳይጠራ የሚቀር የለም አልን። ጠብቆ ሲነበብ ግን በስሙ ሳይጠራ፣ ሳይጋበዝ የሚቀር የለም ማለት ነው። ፊደሉ አንድ ነው።»

«ይህ የተብታባ ንባብ ነው እንጂ» አሉ ውበቱ። «የቱ እውነት እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

እንግዳ መሆኔን ረሳሁትና ገባሁበት። «ጽሑፉን ስንመጣ ከመንገድ ላይ ነው ያነበብኩት። ፊቱ ወደ ውጭ ነው። ለነዋሪው የተጻፈ ሕግ ቢሆን ፊቱን ወደ ውስጥ ባዞሩት። ለመንገደኛ የሚጻፍ ደግሞ ግብዣ ነው።»

ሰዉ ሁሉ ድንጋዩን ዞሮ አየ። ከተወለዱ ጀምሮ የሚያዩት ድንጋይ ነው። ውበቱም ተነሥተው ሄዱና ፊደሉን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ሕጉን አጠበቅን፣ ቃሉን አላላን» አሉ አለቃ። «ሰባት ዓመት ቅኔ የቆጠርኩ እኔ ሳልሰማው የኖርኩትን ያሰማኝ የተያዘ ምላሷ ነው። ክር የሚገባው ለእኔ ነው።» የገዛ ጋቢያቸውን ጫፍ ስበው መርፌውን ሊያሳልፉ ሲሉ ዘመናይ እጃቸውን ያዘች።

«አባባ፣ ስ-ስህተት ይታረማል እንጂ አይሰፋም» አለች።

ከዚያ ወዲህ ዓመት ሆነው። የሆነውን ልንገራችሁ፤ ምክር ያለ ፍሬ ወሬ ነውና። በመሐሉ የስንዴ ዋግ ሲገባ አንድ ገበሬ በማለዳ ሮጦ «ማሳዬ ታመመ» ብሎ ተናገረ። ባለሙያ ተጠራ፣ መድኃኒት ተረጨ፣ የመንደሩ እህል ተረፈ። በክሩ ዘመን ቢሆን ሰውየው ይደብቀው ነበር፤ ከዚህ በፊትም ተደብቆ ሦስት ማሳ አልቋል። ጉድለትን የሚቀጣ አገር ጉድለት አያጠፋም፣ መደበቂያ ያስተምራል። አሁን አናጢው አዲስ ዓይነት በር ይሞክራል፤ ሲጣመምበት ያፈርሰዋል። ትምህርት ቤት የሚጠይቅ ልጅ በዝቷል። መምህር የሆናችሁ ታውቃላችሁ፤ የሚጠይቅ ልጅ የሚሳሳት ልጅ ነው። ከወረዱት ሃያ ስድስት ቤተሰብ ተመልሷል። የቀሩት አልመጡም፤ እኔም አልፈርድባቸውም።

መጨረሻ የማወራው ግን በረሃ የወረድን ዕለት የሆነውን ነው። ከጥራት ቀን በኋላ በሳምንቱ አለቃ፣ ዘመናይና እኔ ወረድን፤ እኔ ቤት መቀመጥ እንደማይሆንልኝ ነግሬያችኋለሁ። አምሳሉ የማሽላ ማሳ ዳር በምትገኝ ጎጆ ውስጥ ይኖራል። ሰው መምጣቱን ሰምቶ በሩ ላይ ወጣ። ልጁን አየ፣ አባቱን አየ፣ አልተንቀሳቀሰም።

አለቃ መንገዱን ሙሉ የሚናገሩትን ሲያዘጋጁ ነው የመጡት። ግዕዙንም አማርኛውንም አሰናድተው ነበር። አፋቸውን ከፈቱ።

«ይ-ይ…» አሉ። አልወጣላቸውም። «ይ-ይ-ይቅር…»

ያ የተጠነቀቀ፣ በጠራ አምባ አንድ ቀን ተሳስቶ የማያውቅ አንደበት ተያዘ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ጋቢያቸውን መዳሰስ ጀመሩ። ዘመናይ ጠጋ ብላ እጃቸውን ከጋቢው ላይ አነሣችና በእጇ ያዘችው።

«ቀ-ቀስ ይበሉ አባባ» አለቻቸው። «እንጠብቃለን።»