ከተራራው ማዶ ያለው አበባ

የአውቶቡሱ ጎማ ባይተነፍስ ኖሮ ይህን ክርክር አልሰማም ነበር። ሾፌሩ ጎማ ሲቀይር ሁለት ተሳፋሪዎች አጠገቤ መንገድ ዳር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ አንዱ ሽማግሌ፣ የንብ አናቢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ሌላዋ የደን ትምህርት የጨረሰች የእህታቸው ልጅ። የሚሄዱት እኔ ቃለ ጉባኤ ወደምይዝበት ስብሰባ ነው። ተራራውን የሚጋሩት ሁለት አገሮች በጋራ ሊጠብቁት ተስማምተው የቀረው የሁለቱም ወገን አናቢዎች ፊርማ ነበር። ሽማግሌው ግን አልፈርምም ብለው ድርቅ ብለዋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። በእኛ በኩል በበጋ መጨረሻ ሸንተረሩን ማቃጠል የቆየ ልማድ ነው፤ ለከብቱ አዲስ ሣር ቶሎ ያበቅላል ይባላል። ስምምነቱ ይህን ይከለክላል።

«በገዛ ተራራዬ ክብሪት ለመጫር የባዕድ ፈቃድ ልጠይቅ?» አሉ ሽማግሌው። ከሠላሳ ቀፎ ዘጠኝ ብቻ እንደቀራቸው፣ ጥፋቱም ማዶኞች ሰብላቸው ላይ የሚረጩት መርዝ እንደሆነ በምሬት አወሩ። አንጀቴን በሉት።

ልጅቱ በትዕግሥት አዳምጣ፣ «ጋሼ፣ ማርዎ ነጭ የሚሆነው ከምን አበባ ነው?» አለቻቸው።

«ከነጩ ቁጥቋጦ ነዋ። ይህንንማ ሕፃንም ያውቀዋል።»

«እኛ በኩል የት አለ?»

ሽማግሌው ቦታውን ለመጥራት ሞከሩ። በልጅነታቸው አይተውታል፤ ከዚያ ወዲህ የት እንዳዩት ማስታወስ አቃታቸው።

«የእኛው ተቃጥሎ አልቋል» አለች። «ንቦችዎ የተራራውን ጫፍ ተሻግረው ነው የሚቀስሙት። አሁን ደግሞ እሳታችን እየተሻገረ የእነሱንም ግማሹን በላው። መርዝ መርጨት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ የእርስዎ ቀፎ ግን ዘንድሮም እየቀነሰ ነው።»

«ታዲያ በረሃብ የፈጀኋቸው እኔ ነኛ» አሉ ቀስ ብለው።

«ሁላችንም ነን፣ ጋሼ።»

«ሣሩስ?» አሉ። እየታጨደ ለከብቶቹ እንደሚሰጥ ነገረቻቸው፤ እንደሚያደክምም አልደበቀችም። ማዶኞች የቁጥቋጦውን ችግኝ ያመጣሉ፣ ሸንተረሩ ቁጥቋጦ ሲለብስ ከሥሩ ያለው ምንጭ ሳይደርቅ በጋውን ይዘልቃል፣ ማሩም ከሁለቱም ወገን ተሰብስቦ በአንድነት ገበያ ይወጣል። እኔ «ዓለም አቀፍ ትብብር» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው፤ ደስም አለኝ።

በስብሰባው አዳራሽ ሰነዱ ለሽማግሌው ሲቀርብላቸው የማዶ አናቢዎች ሊቀ መንበር ቀድሞ ፈርሞበት ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ስሙን ሁለቴ አነበቡት።

«ይህን ሁሉ ዘመን ንቦቼን ሲቀልብልኝ፣ ስሙን እንኳ አላውቅም ነበር» አሉና ከሥሩ ፈረሙ። ሰውየው የትኛው እንደሆነ ጠየቁኝ። አሳየኋቸው፤ ስብሰባው እስኪያልቅ አልጠበቁም፣ ወንበራቸውን አንሥተው አጠገቡ ሄደው ተቀመጡ።