የላቫጆው ማጣሪያ

ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፤ ነገ የመመረቂያ ጥናቱን የሚያቀርበው የአካባቢ ሳይንስ ተማሪ ምናሴ፣ ያሳደገችውን አክስቱን ወይዘሮ እታፈራሁን በመኪና ማጠቢያዋ፣ በላቫጆዋ በር ላይ ይዟታል።

ምናሴ፦ ሁለት ደቂቃ ነው ያልኩሽ እኮ፣ እትዬ። ጥናቴን ሳቀርብ ትነሺና «ምናሴ የቆፈረልኝ ማጣሪያ ይሠራል፣ ውሃው ጠርቶ ነው ወደ ሐይቁ የሚሄደው» ትያለሽ፣ ትቀመጫለሽ። አለቀ።

እታፈራሁ፦ አልሄድም አልኩህ።

ምናሴ፦ ምክንያቱን ንገሪኛ።

እታፈራሁ፦ ሥራ አለብኝ። ነገ ገበያ ነው፤ አይሱዙው ሁሉ ጭቃውን ተሸክሞ የሚመጣው ነገ ነው።

ምናሴ፦ አሥረኛ ክፍል ስፈተን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመሽ የዋልሽ ሴት ዛሬ ሥራ አለብኝ ትይኛለሽ?

እታፈራሁ፦ ሰው ፊት መናገር አልችልበትም።

ምናሴ፦ አንቺ? ሹፌሩን ሁሉ ጸጥ ለጥ አድርገሽ የምታሰልፊው አንቺ?

እታፈራሁ፦ ሹፌር ሌላ፣ መምህር ሌላ።

ምናሴ፦ እትዬ፣ ነገሩ የእኔ ውጤት ብቻ አይደለም። ከከተማው አንድ ኃላፊ ይመጣል። ማጣሪያው እንደሚሠራ ካመነ ሐይቁ ዳር ያላችሁት ዘጠኙም ላቫጆዎች እንደዚህ እየቆፈራችሁ እዚሁ ትቆያላችሁ። ካላመነ ትነሳላችሁ። ሥራ ፈጠራ ክፍል ያቀረብኩትም ይሄንኑ ነው፤ እመረቅና ማጣሪያ የሚሠራ ድርጅት አቋቁማለሁ። ያ ከሐይቁ የገዛሽው ቆሮሶ ዓሣ ሲጠበስ ናፍጣ ናፍጣ ሲል ትዝ አይልሽም? ከዚያን ቀን ጀምሮ የለፋሁት በሙሉ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው።

እታፈራሁ፦ እኔንም ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

ምናሴ፦ ምኑ?

እታፈራሁ፦ ተወው። ምሳ በልተሃል?

ምናሴ፦ ምሳ አታንሺብኝ። ምኑ ነው ያስጨነቀሽ?

እታፈራሁ፦ ከመምህርህ ጋር መጥተህ ውሃውን በጠርሙስ የወሰድክ ቀን ትዝ ይልሃል?

ምናሴ፦ እንዴት ይረሳኛል? ጎንበስ ብሎ አይቶ «ይሄማ የሚጠጣ ይመስላል» አለ እኮ። ላብራቶሪውም ያንኑ ነው ያለው፤ ዘይት የለ፣ ግሪስ የለ።

እታፈራሁ፦ ዘይት የሚኖረው መኪና ሲታጠብ ነዋ።

ምናሴ፦ ምን ማለት ነው?

እታፈራሁ፦ የዚያን ቀን መኪና አላጠብኩም።

ምናሴ፦ ውሃው ሲወርድ እኔ ራሴ ቆሜ አይቻለሁ።

እታፈራሁ፦ ከሮቶው የለቀቅኩት ነው። ንጹሕ የቧንቧ ውሃ።

ምናሴ፦ ሁለት ባጃጆች ቆመው ነበር። እርጥብ ነበሩ።

እታፈራሁ፦ ውሃ ረጨሁባቸው። እንግዳ ባዶ ግቢ እንዳያገኝ ብዬ።

ምናሴ፦ ለምን? እትዬ፣ ለምን?

እታፈራሁ፦ በዋዜማው ደውለህ «ነገ መምህሬን ይዤ እመጣለሁ፣ እንዳታሳፍሪኝ» አልከኝ። ጉድጓዱ ደግሞ በሠራኸው በሦስተኛው ቀን ተዘግቶ ነበር። ጭቃው ከላይ ረግቶበት ውሃው በጎን እየዞረ፣ ዘይቱ እንደ ድሮው ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ገና ሳይነጋ ተነስቼ አሸዋውን በሙሉ አወጣሁ፣ ጠጠሩን አጠብኩ፣ አዲስ ከሰል ጨመርኩበት። እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም?

ምናሴ፦ ቤት አይደለም እኮ ይሄ። እኔ የፈለግኩት ቆሻሻውን ነበር። ቆሻሻው ገብቶ ምን ሆኖ እንደሚወጣ ነበር ማየት የፈለግኩት።

እታፈራሁ፦ አሁንማ ገባኝ። ያኔ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ መምህሩ ፊት እንዳያፍር።

ምናሴ፦ ጉድ ሠራሽኝ። ሁለት ወር ሙሉ ይሄን ይዘሽ ዝም?

እታፈራሁ፦ ልነግርህ ስንት ጊዜ ተነሳሁ መሰለህ። ውጤቱን ይዘህ እየሮጥክ ስትመጣ፣ ያንን ፊትህን ሳይ፣ ምሳ አቀረብኩልህ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አፈርኩ።

ምናሴ፦ ጥፋቱ የራሴ ነው። ናሙና የሚወስድ ሰው ቀኑን አይናገርም፤ አንደኛ ዓመት ላይ የተማርነው ነው። አንቺ ስለሆንሽ፣ ቤቴ ስለሆነ፣ ምን አለበት ብዬ...

እታፈራሁ፦ እና ምን ይሻላል?

ምናሴ፦ ከእኔና ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል?

እታፈራሁ፦ ማንም።

ምናሴ፦ በቃ፣ ነገ አትምጪ። ሥራ አለብሽ። እኔ ላቅርብ፣ ልመረቅ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ። ሁለት ጉድጓድ ነው የሚያስፈልገው። ጭቃው አንደኛው ላይ ቢቀር ሁለተኛው አይዘጋም ነበር።

እታፈራሁ፦ እሱንስ ነገ ትነግራቸዋለህ?

ምናሴ፦ ሳልሞክረው ምን ብዬ? መጀመሪያ ነገ ይለፍልኝ ነው የምልሽ። ማጣሪያው አይሠራም ከተባለ እኮ አንቺም ከዚህ ቦታ ትነሻለሽ።

እታፈራሁ፦ አውቃለሁ። አሥራ አምስት ዓመት የኖርኩበት ቦታ ነው። ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ዳንጊሶን ማየት አልቻልኩም።

ምናሴ፦ ጎረቤትሽ ባለላቫጆው ዳንጊሶ? እሱ ደግሞ እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

እታፈራሁ፦ ጉድጓዱን የሳልክባትን ወረቀት ከትናንት ወዲያ ለምኖ ወሰደብኝ። ዛሬ ጠዋት የማጠቢያውን ሲሚንቶ ሰብሮ መቆፈር ጀምሯል። ሁለቱ ወንድሞቹም አብረውት ናቸው።

ምናሴ፦ ገና ሳይፈቀድ ማን ቆፍር አለው?

እታፈራሁ፦ አንተ። «ምናሴ ይሠራል ካለ ይሠራል» ነው የሚለኝ። ከሁሉም ቀድሜ ልጨርስ ብሎ ሥራውን ዘግቷል። የአካፋው ድምፅ አይሰማህም?

ምናሴ፦ አጥር እየሠሩ መስሎኝ ነበር።

እታፈራሁ፦ የእሱም በሦስተኛው ቀን ሲዘጋ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ያንተን እንኳ ዋሽቼ ችዬዋለሁ። የእሱን ምን ብዬ ልቻለው?

ምናሴ፦ ምን ያህል ቆፍሯል?

እታፈራሁ፦ ወገቡ ድረስ ገብቷል። አንተ፣ ወዴት ነው?

ምናሴ፦ እሱ ጋ። አካፋውን ያስቀምጥ፤ እንደማይሠራ ልንገረው።

እታፈራሁ፦ ነገስ መምህሮችህን ምን ልትላቸው ነው?

ምናሴ፦ አሁን ለእሱ የምነግረውን።