ለባድሪ ያልተተከለው ድንኳን

የእናቴ ልጅ ሐጅ ረድዋን አቡልወፋ፣ ታናሼ ቢሆኑም በለቅሷቸው ቀን አንቱ ልበላቸውና፣ የኖሩትን ልንገራችሁ፤ ሰምታችሁ ዱዓ አድርጉላቸው።

ሐጅ ረድዋን ከአባታችን ከሼክ አቡልወፋና ከእናታችን ከሐጃ ዘምዘም በላይኛው ግብፅ በሶሃግ አገር፣ ሸንኮራ በሚቆረጥበት ወራት ተወለዱ። ቁርኣን እስከ እኩሌታው ከተማሩ በኋላ፣ መሬቱ ለወንድማማቾቹ ስላልበቃ ወደ ሱዌዝ ወደብ ወርደው የሰርግና የሐዘን ድንኳን ተካይ ሆኑ። ለድሃ ለቅሶ ሲሆን፣ ሚስታቸው ሐጃ ነፊሳ «አንተ ሰውዬ፣ የሞተ ሁሉ ዘመድህ ነው እንዴ?» እያሉ ቢሞግቷቸውም፣ በነጻ ይተክሉ ነበር።

ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለዱ። ወንዱ፣ የወደቡ በያጅ ባድሪ፣ ሕዝቡ ዳቦና ነጻነት ብሎ በተነሣበት በዚያ ጥር ወር አደባባይ ወጥቶ፣ ከሰገነት በተተኮሰ ጥይት ተመትቶ በአባቱ ክንድ ላይ ሞተ።

የአገራችንን ልማድ ታውቁታላችሁ፤ የተገደለ ሰው ደሙ ሳይመለስ ለቅሶ አይቀመጡለትም። ሐጅ ረድዋን ግን ደም በደም መመለስን ጠልተው፣ «ገዳዩን ዳኛ ይፍረድበት፤ የዚያን ቀን ድንኳኑን እኔው እተክላለሁ። እስከዚያ ማንም አላህ ያጽናህ እንዳይለኝ» ብለው ማሉ።

መንግሥት ወደቀ፣ ሌላ መጣ፤ እሱም ወደቀ፣ ሌላ መጣ። አንዱ መንገድ በባድሪ ስም ሰየመ፣ ሌላው ሰሌዳውን ነቀለ፤ የተከሰሱትም ማስረጃ የለም ተብሎ ቤታቸው ገቡ። ሐጅ ረድዋን ይግባኝ እያሉ ሲመላለሱ፣ አንድ የችሎት ጸሐፊ «ሐጅ፣ አሁንም አልሰለቸዎትም?» ቢላቸው፣ «እናንተን ማባረሩ ሳይሰለቻችሁ እኔን መምጣቱ ይሰልቸኝ?» አሉት።

እኔን ግን ሰልችቶኝ፣ «ረድዋን፣ የባድሪ እናት እንኳ አልቅሳ ይውጣላት» ብዬ ብለምናቸው፣ «እታለም፣ ዛሬ ካለቀስን ነገ ክሱን ይዘጉታል» አሉኝ።

ከረመዳን ወዲህ ሳንባቸውን ታመው፣ ሲታከሙ ቆይተው፣ ትናንት ጎህ ሲቀድ አረፉ።

ሐጃ ነፊሳ እንግዲህ ልጃቸውን ሊያለቅሱት ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ጧት አንድ ጎረቤት «ለሁለቱም አላህ ያጽናሽ» ብሎ እጁን ቢሰጣቸው፣ የዘረጉትን እጅ መልሰው ከጥቁር ልብሳቸው ሥር ከተቱትና «ለአንዱ ነው የተቀመጥኩት» አሉት። እናንተም ስትቀርቡ ስለ ባላቸው ብቻ አጽናኗቸው።

ሐጅ ረድዋን ሚስታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን እኅታቸውንና ያልተለቀሰለት አንድ ልጅ ትተው አልፈዋል። አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ እዚህ ያጡትን ዳኛ እዚያ ያግኙት።