ከገላፊ ወዲያ ያለው ሰዓት

(የመድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ የስልክ አፕ የሚሠራ አነስተኛ ቢሮ፣ አርብ ከሰዓት፤ ፈታሿ መክሊትና ፕሮግራመሩ አብነት አንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠዋል።)

መክሊት፦ አልፈርምም ብያለሁ። ትናንት የወደቀው ቴስት ዛሬ እንዴት አለፈ?

አብነት፦ ሲያልፍም ወንጀል ሆነ? ደንበኛው እየደወለ ነው፤ ፈርሚና እንልቀቀው።

መክሊት፦ አላለፈም፤ እንዲዘለል ተደርጓል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፤ ማን ነው ያዘለለው?

አብነት፦ እኔ ነኝ። ምን ይጠበስ? ሁለቱንም ቨርዥን ከፍተሽ አይተሻል። ትልቁም፣ ለርካሽ ስልክ ያሳነስኩትም፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁለት ሰዓት ነው የሚሉት።

መክሊት፦ አዲስ አበባ ላይ። ጅቡቲስ?

አብነት፦ ጅቡቲ ደግሞ ምን ቤት ናት?

መክሊት፦ የእኛና የጅቡቲ ሰዓት አንድ ነው። ትልቁ የገላፊን ድንበር ሲሻገር ንቅንቅ አይልም፤ ትንሹ ግን ስድስት ሰዓት ይዘላል። ስድስት፣ አብነት። በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መሀል ያለችው ስድስት።

አብነት፦ እሺ በቃ። ደንበኛው በሀበሻ ሰዓት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ትልቁ ላይ ማሳያውን በወጉ ሠራሁት። ትንሹ ላይ ቦታ ጠበበኝ፤ የሰዓት ቀጠናው ዳታ ውስጥ ገብቼ ከኢትዮጵያ ላይ ስድስት ሰዓት ቀነስኩ፤ ሌላውን አገር አልነካሁም።

መክሊት፦ አገሪቱን አንስተህ በሰዓት የብራዚል ጎረቤት አደረግካት እኮ።

አብነት፦ ማን ያያታል? ስንት ሰው ነው ድንበር የሚሻገረው?

መክሊት፦ ስኳር ያለበት የከባድ መኪና ሹፌር ይሻገራል። ጠዋት ከቁርስ ጋር የሚወጋውን ኢንሱሊን ስልኩ ስድስት ሰዓት ቀድሞ በሌሊት ቀስቅሶ ውጋ ይለዋል። በባዶ ሆዱ ይወጋና መሪ ላይ ይደፋል። ፈርቻለሁ፣ አልደብቅህም።

አብነት፦ አሁን ይለቀቅ፤ በሚቀጥለው እናስተካክለዋለን።

መክሊት፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሰው ሲፈስ ግን አይለቀምም። ይልቅ አባትህ የጅቡቲ መስመር ሹፌር አይደሉም?

አብነት፦ እሱን ተይው። አባዬ ምንም አይሆንም።

መክሊት፦ ስኳር አለባቸው ብለኸኝ ነበር። ስልካቸውም ያቺ ርካሿ ናት፤ ትንሹ ነው የሚጫንላቸው።

አብነት፦ አይደለም። ትልቁን ነው የጫንኩለት።

መክሊት፦ እዚያች ስልክ ላይ እንዴት ገባልህ?

አብነት፦ ባለፈው ሳምንት ስልኩን ቀየርኩለት።

መክሊት፦ አየህ፣ አንተም አልፈረምክም።